ጣት የምትሻው አሮጊት

ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን ዘልያታለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ኮልፌ ስንኖር። እትዬ ትርፌ የሚባሉ ሴት ሥጋ ደዌ ይዟቸው፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ታክመው ድነው፣ ከአጥራችን ጎን ቤት ተከራዩ። በሽታው ለቋቸዋል፤ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ግን ይዞ ሄዷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ሰምቼስ? አላመንኩም። የስድስት ዓመቷ ልጄ ጽጌ ከእጃቸው ቆሎ ተቀብላ በመጣች ቁጥር ጣቶቿን እያገላበጥኩ አይ ነበር።

«እሳቸው ቤት አትሂጂ» ማለት አቃተኝ። ጎረቤት ሰምቶ ክፉ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ተረት ፈጠርኩ። እኔ፣ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሴት፣ ግጥም ገጠምኩ፤ ያውም ከልጄ ራስ እንዳይወጣ ቤት እስኪመታ ተጨንቄ። በተረቴ ውስጥ ለልጆች ቆሎ የምትሰጥ አሮጊት አለች፦

ጣት የላትም፣ ጣት ትሻለች፣
እጅሽን ስጪ ትልሻለች።

ጽጌ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ወዲያ ቆሎውን ተወች። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ለልጅ የነገሩት ተረት ግን እዚያው ልጁ ጋ ይቀራል? ሳምንት ሳይሞላው የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ በግጥሜ ገመድ ይዘል ጀመር።

አንድ ጠዋት ቦኖ ጋ ለውሃ ተሰልፈን ሳለ ልጆቹ እትዬ ትርፌን ከበው ዘፈኑባቸው። ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማነው ደግሞ እንዲህ አሳምሮ የገጠመልኝ?» አሉ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ።

ጽጌ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አፏን ልትከፍት ስትል በጥፊ መታኋት።

«አንቺ ባለጌ! ከየት ነው የለቀምሽው?»

ከእኔ ነበር የለቀመችው። ልጄ ጉንጯን ይዛ ወደ ቤት ሮጠች።

በወሩ እትዬ ትርፌ ሰፈሩን ለቀቁ። ሊሰናበቱኝ መጥተው ደጅ ቆሙ፤ ይግቡ እንኳ አላልኳቸውም።

«ከዚህ ሁሉ ሰው ለእኔ የተቆጣሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ልጅሽ ትባረክልሽ» አሉኝ።

አሜን አልኩ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ለልጄ ፈርቼ ነው ብል ማን ይፈርድብኛል? ተረቱን ስፈጥር ለልጄ ፈርቼ ነበር። ጥፊውን የመታሁት ግን ለስሜ ፈርቼ ነው።

ጽጌ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ማታ ማታ ተረት ትነግራቸዋለች። እኔ ስገባ ታቋርጣለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።