በባሏ ስም የጻፈችው ጀርመናዊትና የእኔ ትርጉም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምቦ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረች፣ ማንም በማያውቃት ጀርመናዊት ደራሲ ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ማንም ስለማያውቃት ማንም አያፋጥጠኝም ብዬ። ስንፍናዬ ብልጠት መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ዘነጋሁ፤ ጀርመንኛ አልችልም።

የምትችለው ባለቤቴ ናት። ነርስ ናት፤ ጀርመን ሄዳ ለመሥራት አስባ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ሁለት ዓመት ተምራለች። ልጃችን ስትወለድ ጉዞው ቀረ፣ ቋንቋው አልቀረም። የሴትዮዋን ደብዳቤዎች ከኢንተርኔት አውርጄ ሰጠኋት። ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ልጅቷን ታቅፋ፣ በትምህርት ቤት ደብተር ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ሲከብዳት በኦሮምኛ ጀምራ «ማል ጄቲ ይህቺ ሴትዮ?» ትላለች፣ ምን እያለች ነው ማለቷ ነው። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከደብተሩ እቀዳና ከግርጌ «ትርጉም የአጥኚው» እላለሁ።

ደራሲዋ የገጠር ቄስ ሚስት ነበረች። ታሪኮቿ ሁሉ በባሏ ስም ታተሙ፤ ባልየው በየግብዣው ሲወደስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል። በሰውየው በጣም ተናደድኩ። እንዴት ያለ ይሉኝታ ቢስ ነው ብዬ ለባለቤቴ አማረርኩላት። ቀና ብላ አየችኝና መጻፏን ቀጠለች።

ደግሞ እኮ በምስጋናው ገጽ አልረሳኋትም! በእኛ ልማድ መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ መጨረሻ ላይ ሚስት «ለትዕግሥቷ» ትመሰገናለች። እኔም እንደዚያው ጻፍኩና አሳየኋት። ለማቅረቢያዬ ቀን ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር።

«ትዕግሥት ብቻ?» አለች።

ስሟ ትርጉሙ ላይ እንዲሰፍርላት ትፈልግ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አፈርኩ። ግን ፈታኞቹ ምን ይሉኛል ብዬ ገጹን እንዳለ ተውኩት።

ጥናቴን ሳቀርብ ልጅቷን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ዋናው ፈታኝ፣ ሽበታም ሰው፣ ደራሲዋ በራሷ ስም መጻፍ የጀመረችው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። መልሱ በመጨረሻው ደብተር ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱን ሳላነበው ነው የመጣሁት። ጀርመንኛው እዚያ ጋ ግልጽ አይደለም ብዬ ቀባጠርኩ። ፈታኙ ተርጓሚው እርስዎ አይደሉም ወይ ሲሉኝ፣ አንገቴ ሳላዘው ወደ ኋላ ዞረ። አዳራሹም አብሮኝ ዞረ።

ባለቤቴ ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችና ተነሣች።

«ባሏ ከሞተ በኋላ ነው» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም።»

ሳቁ ሲበርድ ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አነሡና ስሟን ጠየቁ። እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

«እርስዎን አልጠየቅኩም» አሉኝ።