ረቡዕ ቀን የተበላ ፓይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዳላስ አጠገብ ካለችው ሮውሌት ወደ ሐኪም ቀጠሮዬ ስታደርሰኝ የመኪናው ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አድማጭ እየደወለ የሚከራከርበት ፕሮግራም ነው። የውጭ እርዳታ ይቁም አይቁም ይባባላሉ። አንዲት አሮጊት እንደ ቴክሳስ ሰው ቃሉን ጎተት እያደረጉ፣ «ዕድሜ ልኬን ታክስ ከፈልኩ፤ እስከ ዛሬ አንድ እርዳታው የደረሰው ሰው አላየሁም!» አሉ። እጄ ሄዶ ሬዲዮውን ዘጋው።

«እማዬ፣ ምነው? እየሰማሁ እኮ ነው» አለች ልጄ።

«ጆሮዬን አመመኝ» አልኳት። ያመመኝ ጆሮዬ አልነበረም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጓደኛዬ ከየሺ ጋር ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አንዲት አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ደግሞ የፎቶ ፍሬም በካርቶን እናሽጋለን። እሷ የቆቦ ልጅ ናት፣ እኔ የአዲስ አበባ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እንግሊዝኛውን ግን ከቀን ቴሌቪዥን ድራማ ለቃቅሜው ስለነበር የየሺ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ስኮራበት ለጉድ ነው! አፌን ከመክፈቴ በፊት ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር፣ እንደ ትልቅ ሰው።

አብራን የምታሽግ ሚስ ዳርሊን የምትባል ስድሳ የተጠጋት ሴት ነበረች። ደግ ናት፤ ዝናብ ሲሆን እስከ ቤታችን ታደርሰናለች። ረቡዕ ረቡዕ ፒካን ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ ጋግራ ታመጣለች፤ ቅቤው፣ እንቁላሉና የተቃጠለው ስኳር ምሳ የምንበላበትን ብሬክ ሩም ያውደዋል። ብቻ የደመወዝ ወረቀቷን ያየች ቀን አትቀመስም።

«የታክሴን ግማሽ እኮ ባሕር ማዶ ነው የሚልኩት!» ትላለች። «እህቴ እዚህ መድኃኒት መግዣ አጥታ! ደግሞ በመንገድ ይሰረቃል። እስቲ አንድ የደረሰው ሰው አሳዩኝ!»

ግማሹ ቀርቶ ኢምንት እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን አቀርቅሬ እበላለሁ።

አንድ የሁዳዴ ረቡዕ፣ በሀይዌዩ ዳር ያ ሰማያዊ የዱር አበባ የፈነዳ ሰሞን፣ ሚስ ዳርሊን ይህንኑ ዘፈኗን ጀመረች። ሽሮዋን በማይክሮዌቭ አሙቃ የተቀመጠችው የሺ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«ምን እያለች ነው?»

«ወደ አገራችሁ የምንልከው ይሰረቃል፤ የደረሰው ሰው አይቼ አላውቅም ነው የምትለው።»

የሺ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኧረ ደርሷል በያት! አንቺዬ፣ ንገሪልኝ። በሰባ ሰባት፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ እናቴና እኔ የተረፍነው በእነሱ ስንዴ ነው። ጆንያው ላይ ሁለት እጅ ተጨባብጦ ተስሏል። እናቴ ‹ያንዱን እጅ ባለቤት አንድ ቀን ታገኚዋለሽ› ትለኝ ነበር። በያት በሞቴ፣ እጇን ልጨብጣት።»

ተነስታ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ሁለቱንም ዘረጋች። ሚስ ዳርሊን ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ዳላስ ከገባሁ ጀምሮ ኢትዮጵያዊት ነኝ ባልኩ ቁጥር «አይ፣ እዚያ የተራቡት!» ሲሉኝ፣ «እኛ የከተማ ልጆች ነን፤ ረሃቡን እንደናንተው በቴሌቪዥን ነው ያየነው» እያልኩ ከርሜያለሁ። አሁን የሺ ያለችውን ብናገር ከእሷ ጋር እኔም ተረጂ ልባል ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ፓይሽ በጣም ይጣፍጣል ትልሻለች» አልኩ።

«ኦ፣ ሀኒ!» ሚስ ዳርሊን ፊቷ በራ። ትልቁን ቁራሽ ቆረጠችና በእነዚያ በተዘረጉት እጆች ላይ አስቀመጠችው።

የሺ እንግሊዝኛ አትችልም፤ «ፓይ»ን ግን ታውቃለች፣ ረቡዕ ረቡዕ ይጠራላ። ፓዩን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። አገሩ ስንቱን ሲያስረሳን እሷ አንድ ረቡዕ ገድፋ አታውቅም፣ እንኳን በሁዳዴ! ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ግን ያ እጅ የሰጣትን መመለስ አልሆነላትም። ቆማ፣ ቀስ እያለች፣ ፍርፋሪው ሳይቀር በላችው። «ቴንክ ዩ» አለች። ሚስ ዳርሊን ለፓዩ መስሏታል።

ማታ ወደ ቤት ተመለስን። በር ላይ ስንደርስ፣

«የሺዬ፣ ማለቴ... ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ ተዋረድኩ አልኩሽ?» አለች ቁልፉን እየፈለገች። «እኔ ጾሜን ገድፌያለሁ። ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፣ ስገጂ ሲሉኝ እሰግዳለሁ፣ ያልቃል። አንቺስ ለማን ልትነግሪ ነው?»

ነገ ለሚስ ዳርሊን እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለረቡዕ አልኩ። ፋሲካ ሳይደርስ እህቷን ልታስታምም ሥራዋን ለቅቃ ሄደች፤ የት እንደሄደች እንኳ አልጠየቅኩም። የሺ አሁን ሌላ ከተማ ናት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች፣ እንስቃለን። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አንድም ጊዜ አስተርጉሚልኝ ብላኝ አታውቅም።

ልጄ መኪናውን ፓርክ ካደረገች በኋላ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ሶ፣ ለምን ኮል አታደርጊም? ማንም ሰው መደወል ይችላል እኮ» አለች። ሬዲዮውን መልሳ ስትከፍተው ፕሮግራሙ አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል።

ሚስ ዳርሊን በመንገድ ይሰረቃል ስትል በሆዴ እታዘባት ነበር። ለካስ እውነቷን ኖሯል። ስንዴውስ ደርሷል፤ ቆቦ ደርሶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ፋርመርስ ብራንች ድረስ መጥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቷ ቆሞላት ነበር። ምስጋናውን በመንገድ የሰረቅኩባት እኔ ነኝ።