ዶክተሩ ሲያስተምር

ኮምቦልቻን የለቀቅኩ ማታ የአራተኛ ክፍልን የሳይንስ ፈተና አርሜ ጨርሼ ነው የወጣሁት። እናቴ ዳቦ ቋጥራልኝ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። አንድ ልጇ ነኝ። «ሠርተሽ ተመለሺ፣ ከዚያ ውለጂልኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም» አለችኝ። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ባጭሩ ላስረዳ፤ የምትመጡ እህቶች ማወቅ አለባችሁ። ሾፌሩ እስከ ድንበር ድረስ አባት ነበር፤ «ልጄ» እያለ ውኃ ያጠጣኝ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ያለችው ፔካ 12 ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ አቆመው። ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። ሲጨርስ ከተማ ድረስ ወስዶ አወረደኝና «ደህና ግቢ ልጄ» አለኝ።

አሁን ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ልጅ እጠብቃለሁ። ነፋሱ እንኳ የምድጃ አፍ ነው፤ ዳቦው ረጅም ነው፣ ውስጡ ግን አየር። ከዚያ መንገድ ወዲህ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያለ ጊዜውም ይደማኛል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ወደ ማህፀን ሐኪም ሄድኩ፦ መውለድ እችላለሁ ወይ?

ነርሷ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትናገራለች።

«ሥራሽ?»

«መምህርት ነኝ።»

«እዚህ?»

«አይ፣ እዚህ ሞግዚት ነኝ።»

«እንግዲያው ሞግዚት በይ አቦ!»

ዶክተሩ ሁለት ተለማማጆች አስከትሎ ገባ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። እዚህ ስታዥዬር ይሏቸዋል። ይቆዩ ወይስ ይውጡ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኛ ጤና ጣቢያ መጋረጃ ቢጠፋ እንኳ አንዷ ሲስተር ነጠላዋን ትዘረጋለች። እዚህ የተዘረጋሁት እኔ ነኝ።

የመመርመሪያው ብረት ሲነካኝ የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጉልበቶቼ ሳላዛቸው ገጠሙ።

«አቦ ቲቸር፣ ተማሪሽ እንዲህ ቢያስቸግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ?» አለች ነርሷ፣ ጉልበቴን ይዛ እየለየች።

ዶክተሩ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀ። «አግብተሻል ወይ ይላል» አለችኝ።

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ይሄ ጠባሳ ከየት መጣ ይላል።»

«መንገድ ላይ... ሾፌሩ...»

«ሁሉም መንገድ ላይ ነው የሚሉት» አለች፤ ለዶክተሩ ግን ተረጎመችለት። እሱም ፊቱን ወደ ተለማማጆቹ አዞረና ማስረዳት ጀመረ።

እውነቱን ልናገር፤ ግሩም አስተማሪ ነው። ድምፁ አይጣደፍም። በጣቱ ያሳያል፣ ይጠይቃል፣ ሲመልሱለት «ትሬ ቢያን!» እያለ ያደንቃቸዋል። በደንብ እንዲያዩ ጠባሳውን ደጋግሞ ነካላቸው። እኔ ጣሪያውን እያየሁ፣ ይህን ያህል ካስረዳ ለእኔም አንድ ቃል አይነፍገኝም ብዬ ጠበቅኩ። ብረቱን መፍታት ሲጀምር፣ ሌላ መንገድ ስላልታየኝ፣ እንደተጋደምኩ እጄን አወጣሁ፤ ልክ እንደ ተማሪ። ወንዱ ተለማማጅ ሳቀ።

«መውለድ እችላለሁ ወይ በይልኝ» አልኳት ነርሷን።

ነገረችው። ዶክተሩ ጥያቄውን ወደደው። ለተለማማጆቹ መራው፤ እነሱም ተከራከሩ። ነርሷ ሳቋን እየዋጠች ተረጎመችልኝ። «ልጁ ትወልጃለሽ ይላል። ልጅቷ አትወልጂም ትላለች። ዶክተሩ ሁለታችሁም ጥሩ አስባችኋል አላቸው። በይ ውረጂ፣ ወረፋ አለ።»

ልብሴን ለብሼ ሳልጨርስ ተከተልኩት። «ዶክተር! እኔስ?» አልኩት በአማርኛ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ኩራዥ፣ ማድሙዋዜል» አለና ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባ። ኩራዥ ማለት አይዞሽ እንደ ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቋንቋ የሚችል የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ይውጣልኝ ማለትም ይቻላል፤ እኔ አላወቅኩም ነበር።

ማታ እናቴ ደወለች። «ሐኪሙ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጎበዝ ነው እማዬ። ሲያስረዳ ብታዪው! አንድ ነገር አይዘልም።»

«ተመስገን። ታዲያ አንቺን ምን አለሽ?»

ኮምቦልቻ ዝናብ ጀመረ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።