ሦስተኛው ዲስክ

ሴቻ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤታችን ጀርባ የተጣሉትን አሮጌ የትራክተር ማረሻዎች ለይቶ ዋጋ የሚተምን ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢ ሆንኩ። ማረሻ ስለማውቅ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስለደረስኩ ነው።

አባላቱም ከእኔ አይሻሉም። የመጀመሪያውን ጠዋት የጨረስነው የማረሻው ፊት በየት በኩል ነው እያልን ስንከራከር ነው። ያዳኑን ሽማግሌው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው።

«አለቃ፣ ቀለሙን ይተዉት፤ ቀለም ማንም ይቀባል» አሉኝ። «ጠርዙን ይዩ። ብዙ ያረሰ ዲስክ፣ ይኼ አፈር የሚገለብጠው ክብ ብረት፣ እየተበላ ያንሳል። ፍሬሙ ተሰብሮ ከተበየደ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል።»

ያሉትን ሁሉ «ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ጥናት» ብለን ጻፍነው።

ጣጣው የመጣው የመጨረሻው ማረሻ ላይ ነው። መዝገቡ ባለ ሦስት ዲስክ ይላል፤ ያለው ሁለት ነው። ንብረቱ የተመዘገበው በሽማግሌው ስም ሲሆን እሳቸው በዚያው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ዲስኩ ካልተገኘ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ ጡረታቸው አይጀምርም።

«ጋሼ፣ ያለ ንብረት ማውጫ ሞዴል ለማን ሰጡት?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ለትልቅ ሰው ነው፣ አለቃ። መልስ ማለት ይከብዳል።»

ይሉኝታ ለመንግሥት ንብረት ጠንቅ ስለመሆኑ ግማሽ ሰዓት ያህል አስተማርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ንግግሬ ለራሴም ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ አሳ ትጠብሳለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዲስክ ሳይ ስለከረምኩ ዓይኔ መጥበሻው ላይ ቀረ። ክብ ነው፣ ጎድጓዳ ነው፣ መሐሉ ላይ በብየዳ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉት። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የሠርጌ ዕለት መጥበሻ አንሶን ሽማግሌው ከመሥሪያ ቤት አውጥተው፣ ሲቀላ ሰፈር ብየዳ ቤት ወስደው በራሳቸው ገንዘብ አስበይደው፣ በባጃጅ ጭነው ያመጡልኝ እሱ ነው። «ለአንድ ቀን ብቻ» ብያቸው ነበር። ትልቁ ሰው እኔ ነኝ።

ሰኞ ማንም ሳይገባ ማረሻዎቹ ያሉበት ሣር ውስጥ ልጥለው በጆንያ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። እሳቸው ግን ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል። በአንድ በኩል ያዙልኝና ተሸክመን ገባን። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ስለ አየሩ ሙቀት አወራሁ።

ኮሚቴው ዲስኩ «በተደረገ ጥብቅ ክትትል» መገኘቱን መዘገበ። የዘይት ወዙ ዝገት ስላላስጠጋበት ከሁሉም የላቀ ዋጋ ተሰጠው። የተደፈኑት ቀዳዳዎች «የፋብሪካ ማሻሻያ» ተባሉ። ፈረምኩ።

የእሳቸውንም ክሊራንስ ፈረምኩ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ የፌዝ ምልክት የለም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው።

«አለቃ፣ እንግዲህ ባለቤትዎ አሳውን በምን ሊጠብሱ ነው?»