አበልጅ ያልመረመረው ማስረጃ

ወልደሥላሴ ጉለሌ ተወልዶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሮ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ዙሪክ መጣ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ መመለሻው ጠፋ። ዶክትሬቱን እየሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሳህን ያጥብ ነበር።

የሚያጠናው ነገር እጅግ ደስ ይላል፤ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ሙሉ ቁጥሮችን ውሰዱ። ይደመራሉ፣ ይቀነሳሉ፣ ይባዛሉ፤ ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ አይሰጡም። እንዲህ ያለውን ዓለም ኢንተግራል ዶሜይን ይሉታል። ከውስጡ የሁለትን ብዜቶች ብቻ ሰብስቡ፤ በየትኛውም ሙሉ ቁጥር ብታባዟቸው ከስብስቡ አይወጡም። ይህ አይዲያል ነው። አሁን ዓለሙን እናስፋው፤ ለሁለት ማካፈልም ይፈቀድ። የሰፋው ዓለም ኦቨርሪንግ ይባላል። ሁለት በግማሽ ሲባዛ አንድ ይሆናል፤ አንድ ከገባ ደግሞ ሁሉም ይገባል። የሁለት አይዲያል ዓለሙን ሁሉ ሞላ፤ እንደ አይዲያል ግን ጠፋ። የሦስት ብዜቶች አይዲያል ግን ይተርፋል። የትኛው ይተርፋል? የትኛው ይጠፋል? ወልደሥላሴ እንቅልፍ ያጣው ለዚህ ነበር።

በአንድ ዓይነት ኦቨርሪንጎች ውስጥ አይዲያሎች ሁሉ ይተርፋሉ የሚል ማስረጃ ሠርቶ ለኅሩይ ሰጠው። ኅሩይ ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ የሚኖር፣ በጄኔቫ ያንኑ ትምህርት የሚማር፣ የወልደሥላሴ ወንድ ልጅ የክርስትና አባት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በማስረጃው ላይ ገነባ፤ ግን አልመረመረውም። የአበልጅን ቃል መጠራጠር ነውር መሰለው።

በ1974 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም፣ ወልደሥላሴ ሳህን ሲያጥብ ስሕተቱ ታየው። ይተርፋል ያለው አንድ አይዲያል፣ ልክ እንደ ሁለት ብዜቶች፣ ዓለሙ ሲሰፋ ቁጥር አንድን ይይዛል፤ ይጠፋል። ኅሩይ ካልተመረቀ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወንድሙ ታስሯል። ፈታኞቹ ስሕተቱን ያገኙት ይሆናል፤ ምናልባት ግን አያገኙትም። ወልደሥላሴን ያሳፈረው በዚህ «ምናልባት» ተስፋ ማድረጉ ነበር። ስልኩን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ጽሑፉ የሚገባበት ሳምንት ሲደርስ ባቡር ተሳፍሮ ካሩዥ ሄደ። የኅሩይ ሚስት ሕብስት በሩን ከፈተች።

«ምነው አበልጄ፣ ዶሮ እንደሠረቀ ሰው አንገትዎን ደፉ?»

«ከዶሮም ይብሳል።»

ማስረጃውን የሚያፈርሰውን ምሳሌ ለኅሩይ በወረቀት ሠርቶ አሳየው። ኅሩይ ደጋግሞ አየውና፣ «መቼ አወቅህ?» አለ።

«ከፋሲካ በፊት።»

«ፋሲካን እዚህ ቤት አብረን ፈሰክን እኮ።»

«አዎ።»

«መሳሳትስ ማንም ይሳሳታል። ያኔ ብትነግረኝ ግን አቃናው ነበር።»

ኅሩይ ወንበር ሳበለት። «ተቀመጥ። ዛሬ አበልጅነት የለም። የጻፍኩትን ሁሉ እንደ ደመኛ መርምርልኝ።»

የሚፈቀደው ማካፈል በጥብቅ ሲገደብ ማስረጃው እንደሚጸና አገኙ። ሆኖም ጽሑፉ በጊዜው አልደረሰም፤ ወደሚቀጥለው መንፈቅ ተላለፈ። የመኖሪያ ፈቃዱ እንደ ምንም ለአጭር ጊዜ ብቻ ታደሰ፣ የትምህርት ድጎማው ግን ተቋረጠ፤ ሕብስት ቢሮ ማጽዳት ጀመረች። ወልደሥላሴ የቅዳሜ ሥራውን ትቶ በየሳምንቱ ካሩዥ እየሄደ ገጽ በገጽ ይመረምር ነበር።

«ዶሮዋ ተመለሰች?» ትለዋለች ሕብስት፣ የሥራ ሽርጧን በቦርሳዋ ይዛ ስትወጣ።

«ገና ናት» ይላል፣ ቀና ሳይል።