ገዳዩ ያልተገኘበት መጽሐፍ

ባለቤቴ ቁርስ ላይ ሰው እንዴት እንደሚገደል ያማክረኝ ነበር። «መርዝ ይሻላል ወይስ ገመድ?» ይለኛል ሻዩን እያማሰለ። እኔም ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ እየተጣደፍሁ፣ «ዛሬስ ገመድ ይሁን፤ መርዝ በዛ» እለዋለሁ።

የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። ባሕር ዳር የመጣነው እሱ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው። ቀን መጋዘን ይውላል፤ ከሥራ መልስ ይጽፋል። የፈጠረው መርማሪ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ብዙ የሚጠይቅ፣ በመጨረሻ ግን ገዳዩን ሳይዝ የማይቀር። ሰው ወደደው። አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር መናኸሪያው አጠገብ ያሉት አዟሪዎች ወዲያው ይጨርሱታል። ባጃጅ ስንሳፈር ሾፌሩ በመስታወት አይቶት፣ «ጋሼ፣ ያቺን ሴትዮ የገደላት ባሏ ነው አይደል? አይ፣ ተዉት፣ አይንገሩኝ!» ሲል በሳቅ እንፈርሳለን። ኋላ ደግሞ በሬዲዮ ይተረክ ጀመር። ያኔ ማንበብ የማይችለውም አወቀው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት አሮጊት እናት ቆመዋል፤ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

«ገዳይ የሚያገኘው ሰውዬ ቤት ይሄ ነው?» አሉኝ።

አስገባኋቸው። ከቁንዝላ ወዲያ ካለች የሐይቅ ዳር መንደር በጀልባ ነው የመጡት። ቤተሰቡ በዓሣ የሚኖር ነው። ልጃቸው መረብ ሊጥል በታንኳ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ታንኳው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ግን ግንባሩ ቆስሎ ሞቶ ከውሃ ወጣ። ሰምጦ ነው ተባለና ተቀበረ።

«ልጄ ውሃ ላይ ነው ያደገ» አሉት ባለቤቴን። «እሱን ውሃ አይገድለውም። ማን እንደ ገደለው ፈልግልኝ።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ፖሊስ አይደለሁም። ታሪኩን ከልቤ አውጥቼ ነው የምጽፈው።»

«ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ የፈጠርሁት።»

«ታዲያ እሱ የሌለ ሰው ነው?»

«አዎ እናቴ፣ የሌለ ሰው ነው።»

ያኔ አለቀሱ። የልጃቸውን ሞት ሲነግሩን ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

ባለቤቴ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ። «እንሂድ» አላቸው።

«ሄደህ ምን ልታደርግ?» አልሁት በር ላይ ይዤው።

«አላውቅም» አለኝ።

ከሳምንት በላይ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ተጠብሶ፣ ልብሱ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነበር። ቤት ለቤት ዞሮ ጠይቋል። አንዱ ንፋስ ነው ይለዋል፤ ሌላው በመረብ መጣያ ቦታ ጠብ ነበር ይለውና፣ ከማን ጋር ሲለው አፉን ይዘጋል። ሬሳውን ያወጣው ሰው ደቅ ደሴት ሄዷል ቢሉት ደቅ ድረስ ተሻገረ። እዚያም አጣው።

«እኔ ብጽፈው ኖሮ» አለኝ፣ «ይሄኔ አንዱ ተሳስቶ አንድ ቃል ያመልጠው ነበር። ማንም ምንም አላመለጠው።»

«ታዲያ አንተ ምን አጠፋህ?»

«ይገኛል፣ ሁልጊዜ ይገኛል እያልሁ ነው የኖርሁት። አምነውኝ መጡ።»

ከዚያ በኋላ አንድ መጽሐፍ ብቻ ጻፈ። መርማሪው ሐይቅ ዳር ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ገዳዩን ሳያገኝ ይመለሳል። አሳታሚው አንድ ምዕራፍ እንዲጨምርበት ለመነው፤ እንቢ አለ። እንደ ጻፈው ታተመ። አንባቢ ግን ተቆጣ። አንዱ ስልክ ደውሎ፣ «የገዛሁት መጽሐፍ መጨረሻው ተገንጥሎ ነው መሰለኝ፤ የቀረውን ይንገሩኝ» ሲለው ሰማሁ። ባለቤቴ በትሕትና፣ «አልተገነጠለም ወንድሜ፤ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው» አለው። ሬዲዮውም አልተረከውም። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ላይ ስለ መርዝም ስለ ገመድም አላማከረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ጉበቱን ታመመ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ለቅሶው ላይ የማላውቀው ሰው ሞላ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከዘንዘልማ የመጡ ወጣቶች ድንኳኑ ውስጥ የመጽሐፎቹን ታሪክ እርስ በርስ ሲተራረኩ፣ መሳቅም ማልቀስም አማራቸው። እኒያ እናትም መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«አላገኘልኝም» አሉኝ። «ግን ዞሮ ጠየቀ። ለልጄ የጠየቀለት እሱ ብቻ ነው።»

አሁን ልጆች መጽሐፎቹን በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ይቀባበሏቸዋል አሉ። በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። እሱና ጓደኞቹ ለመጨረሻው መጽሐፍ መጨረሻ ሠርተውለታል።

«እትዬ፣ እስቲ ያንብቡት» አለኝ በጉጉት።

አነበብሁት። መርማሪው ተመልሶ ሐይቁ ዳር ይሄዳል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቃል ያመልጠዋል፤ ገዳዩ ይያዛል፤ እናትየው እልል ይላሉ። ባለቤቴ በደህናው ዘመን ይጽፍ እንደነበረው አድርገው ነው የጻፉት፤ የመርማሪው ቀስ ያለ አረማመድ ሳይቀር ያው ነው። ለእኒያ እናት ሄጄ ባነብላቸው ብዬ አሰብሁ። ግን ከዚያ በኋላ ልጄን የገደለው ማነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ?

ልጁ ፊቴን እያየ ይጠብቃል።

«ጥሩ ነው» አልሁት። ደስ ብሎት ሄደ። እኔም በሩን ዘግቼ በቆምሁበት ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።