ከዓሣ ማቀዝቀዣው ጀርባ
የቅበላ ሳምንት ነው፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ... አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ የዓሣ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ላብ በላብ ሆኜ ቆሜያለሁ። ውስጡ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማቀዝቀዣው ግን አሥር ደቂቃ ይሠራና ቀጥ!

ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ የሰውየው የዓመት ተስፋ ጾሙ ነበር። የእኔ ተስፋ ደግሞ እሱ ነው። የማቀዝቀዣ ጥገና ካስተማረኝ ሰው ተለይቼ ለብቻዬ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ስለነበር፣ ስም የማተርፈውም የማጣውም እዚያች በር ላይ ነው።

የማቀዝቀዣውን ሞተር፣ ኮምፕረሰሩን፣ ስነካው እጄን ለበለበኝ። እንደ ትልቅ ሐኪም ጉሮሮዬን ጠረግኩና...

«ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩ ሞቷል። ሌላ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት» አልኩት።

«እስኪመጣስ ዓሣው?»

ሰውየው ጭንቅላቱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በእውነት አሳዘነኝ... ከእሱ በላይ ግን ለራሴ ፈራሁ።

ፊቱን ማየት ሲያቅተኝ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ዞርኩ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል፣ እኛ ኮንደንሰር የምንለው፣ እዚያ ነው ያለው። ቅድም ከፊት ለፊት አይቼው «ንጹሕ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። በግድግዳው በኩል ባለችው ጠባብ ቦታ ግን የመጋዘኑ ዘበኛ እናት፣ የዶርዜ ሴት ናቸው፣ ቁጭ ብለው ጥጥ በደጋን ይነድፋሉ።

«እማማ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ይህ ማሽን ብናኙን ይስብልኛል፣ አፍንጫዬ ውስጥ አይገባም» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «አሁን ግን ሰነፈ። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ምንም አይስብም። ሠሪው አንተ ነህ እንዴ ልጄ? በል እንዲስብ አድርግልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ... በኮንደንሰሩ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት የለም! ጫፉን ይዤ ስጎትተው ነጭ ነገር ተያይዞ ተላቀቀ። የአንድ ሰው ጋቢ የሚወጣው ጥጥ! ለካ ማሽኑ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ነው የሚሠራው። እንኳን እሱ፣ እኔም ብሆን አሥር ደቂቃ አልቆይም።

የቀረውን በብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈቅፍቄ ከውስጥ ወደ ውጭ አጠብኩት። አስነሣሁት። አሥር ደቂቃ... ሃያ... አንድ ሰዓት። ሰውየው በሩን ከፍቶ ብርዱ ፊቱን ሲመታው እንደ ልጅ ሳቀ።

«ሞቷል አላልከኝም እንዴ?»

መዋሸት አማረኝ፣ አልደብቅም። ግን እማማ ደጋናቸውን እንደያዙ አጠገባችን ቆመዋል።

«የደከመበትን ያወቁት እሳቸው ናቸው» አልኩት፣ ጥጡን እያሳየሁት።

ጥጡን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ።

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠራው እሳቸውን ነው!»

እማማ ግን ሌላ ጭንቅ ላይ ነበሩ። «ታዲያ እኔ አሁን የት ልቀመጥ?»

ከዚያ ወዲህ የትም ለጥገና ስጠራ፣ መፍቻ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ... «እዚህ ማሽን አጠገብ የሚውለው ማነው?»